የኮረኮንቹ ብስክሌት ከመኪና ሸሽቶ የት ደረሰ?

ጥቅምት 1 እና 2 ቀን 2018 ዓ.ም በኔዘርላንድስ ደቡባዊ ሊምበርግ በተካሄደው የዓለም የግራቭል ብስክሌት ሻምፒዮና፣ በሴቶች ሆላንዳዊቷ ሎሬና ቪበስ በወንዶች ደግሞ ቤልጅየማዊው ፍሎሪያን ፌርሜርሽ የቀስተ ደመናውን ማሊያ ለብሰዋል። ሻምፒዮናው ገና ለጋ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) ለመጀመሪያ ጊዜ ያካሄደው በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የውጪዎቹ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ ወዲህ እነ ማቴይ ሞሆሪች እና ማቲዩ ቫን ደር ፑል ከአሸናፊዎቹ ተርታ ገብተዋል። የአስፋልቱ ከዋክብት ወደ ኮረኮንቹ መጥተዋል። ስፖንሰሩም ተከትሏቸዋል፣ የቴሌቪዥን ካሜራውም እንደዚሁ።

ይሁን እንጂ ይህን ብስክሌት ከገዙት ሰዎች አብዛኞቹ ደረታቸው ላይም ሆነ ጀርባቸው ላይ የውድድር ቁጥር ለጥፈው አያውቁም። ሊለጥፉም አላሰቡም። ብስክሌቱ ገበያ ውስጥ የገነነው በዋንጫው ሳይሆን ለሰዎች በሰጠው ተስፋ ነው፤ ያም ተስፋ ከኋላ መኪና ሳይመጣብህ በወንዝ ዳርና በጫካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መጋለብ ነው። ተስፋው ተፈጽሟል ወይ? ከተፈጸመስ መንገዱን የሰጠው ማነው? የስፖርቱ አዘጋጆች ናቸው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ኮረኮንች ብርቅ አይደለም። ፒስታ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ስፖርት ተብሎ ስም ሲወጣለት ፈገግ የሚል አይጠፋም። ግራቭል የሚባለው ብስክሌት መሪው እንደ ኮርሳ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ ነው። የአስፋልቱ ኮርሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ሲሄድ፣ ይኼኛው 40 እና ከዚያም በላይ ይጫማል። ብዙዎቹ ካሜራዳሪያ አያስገቡም፤ በምትኩ ጎማው ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ እሾህ ሲወጋው ራሱን ያክማል። ማርሹ ለዳገት የቀለለ፣ ፍሬኑ ዲስክ፣ አካሉ ሻንጣ ለማሰር የሚመች ነው። ባጭሩ ፈጥኖ የሚሄድ የገጠር ብስክሌት በሉት።

ከአስፋልት የመሸሹ ምክንያት ግልፅ ነው። የ2011ዱ የጂሮ ዲ ኢታሊያ አሸናፊ ሆኖ የተመዘገበው ሚኬሌ ስካርፖኒ በሚያዝያ 2017 በሚኖርበት ከተማ አቅራቢያ ልምምድ ላይ እያለ መኪና ገጭቶ ገደለው። ለሦስት አሥርት ዓመታት የተወዳደረው ዳቪዴ ሬቤሊን ከፕሮፌሽናል ውድድር በተሰናበተ በሳምንታት ውስጥ፣ በኅዳር 2022 መጨረሻ፣ ከባድ መኪና ገጭቶት ሞተ። መንገዱን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ፣ ብስክሌት ላይ ያረጁ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሆኑት። በአሜሪካ በ2022ም ሆነ በ2023 በመንገድ አደጋ የሞቱት ብስክሌተኞች በየዓመቱ ከ1,100 በላይ ናቸው። እሑድ እሑድ ሁለት ሰዓት ሊጋልብ የሚወጣ የቤተሰብ ኃላፊ ይህን ሰምቶ ወደ ጫካው ቢያማትር ምን ይፈረድበታል?

የካንሳሱ ገበያ

የግራቭል ውድድር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ኤምፖሪያ ከተማ የሚካሄደው አንባውንድ ነው። በ2006 ሲጀመር 34 ብስክሌተኞች ብቻ ነበሩ የተሰለፉት። 200 ማይል፣ ማለትም 320 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፍሊንት ሂልስ በተባለው የሣር ምድር ላይ ጎማ የሚበጣ ስለት ድንጋይ እየረገጡ መዋል ነው። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጭቃው ብስክሌቱን እስከማቆም ይደርሳል፤ በ2023 ተወዳዳሪዎቹ ገና ከመነሻው ብዙም ሳይርቁ ብስክሌታቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ታይተዋል። ዛሬ ከተማዋ በውድድሩ ሰሞን በሺዎች በሚቆጠሩ ብስክሌተኞች ትጥለቀለቃለች። ላይፍ ታይም የተባለው የስፖርት ማዕከላት ኩባንያ ውድድሩን በ2018 ገዝቶታል፤ ከ2022 ጀምሮም ውድድሩ ኩባንያው ለሽልማት ሩብ ሚሊዮን ዶላር መድቦ ባቋቋመው ተከታታይ የውድድር ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። በ2024 አውስትራሊያዊው ላክላን ሞርተን፣ በ2025 ኒውዚላንዳዊው ካሜሮን ጆንስ አሸንፈውበታል።

ታዲያ እነዚህ መንገዶች ከመኪና ነፃ ናቸው? አይደሉም። የካንሳስ ጠጠር መንገዶች የአውራጃው አስተዳደር የሚጠግናቸው፣ ገበሬው በፒክአፑና በትራክተሩ የሚመላለስባቸው ተራ የሕዝብ መንገዶች ናቸው። መኪናው ጥቂት ነው እንጂ የለም አይባልም። ጥቂት መሆኑም የማንም ዋስትና የለውም፤ አካባቢው ቢለማ፣ መንገዱ አስፋልት ቢለብስ ያበቃለታል።

ከዚህም ሌላ ውድድር በራሱ አደጋ አለው። ነሐሴ 2022 በአሜሪካ ቬርሞንት በተካሄደ የግራቭል ውድድር ላይ ኬንያዊው ሱሌ ካንጋንጊ በከፍተኛ ፍጥነት እየወረደ ሳለ ወድቆ በ33 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። ካንጋንጊ የምሥራቅ አፍሪካ ብስክሌተኞችን ያሰባሰበው የቲም አማኒ አምበል ነበር። ቡድኑ በ2021 በማሳይ ማራ አካባቢ የጠጠር መንገድ ውድድር አስጀምሮ፣ አውሮፓና አሜሪካ ሄዶ ለመወዳደር ቪዛ የሚለምነው አፍሪካዊ ጋላቢ በደጁ ከዓለም ምርጦች ጋር እንዲፎካከር ዕድል የከፈተ ነው። የካንጋንጊ ሞት ለአካባቢው ስፖርት ትልቅ ጉዳት ሆኖ አልፏል። እሱን የገደለው መኪና አልነበረም። "ግራቭል ከአስፋልት ይልቅ ከአደጋ ነፃ ነው" እያሉ በጅምላ ለሚያስተዋውቁ ነጋዴዎች ይህ መልስ የሚያሳጣ ነው። ጠጠሩ ሰውን ከመኪና ያርቅ ይሆናል እንጂ ከፍጥነት አያድንም።

እውነተኛው ተሽከርካሪ አልባ መንገድ ያለው ሽልማት በሌለበት ነው።

በቅሎዎች ያስቀሩት መንገድ

ከፔንሲልቬኒያዋ ፒትስበርግ የተነሳ ብስክሌተኛ ዋሽንግተን ዲሲ እስኪገባ ድረስ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ከሞላ ጎደል መኪና በማይሄድበት መንገድ ይጓዛል። አውራ ጎዳና የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች አሉ፣ ከተማ ውስጥም ጥቂት ይነካካዋል፤ ከዚያ ውጪ ግን ወንዝና ጫካ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባለው 241 ኪሎ ሜትር ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ፤ ሁለተኛው ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ጆርጅታውን ድረስ 297 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳርቻ።

የመጀመሪያው የድሮ ባቡር መስመር ነው። ሀዲዱ ተነስቶ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ከሞኖንጋሂላ ወንዝ ተነስቶ ዮካጌኒን፣ ከዚያም ካሰልማንን ይዞ ይወጣል። ከፍተኛው ቦታ 729 ሜትር ላይ ሲሆን እዚያ የዘነበ ዝናብ ግማሹ በፖቶማክ አድርጎ ወደ አትላንቲክ፣ ግማሹ በኦሃዮና በሚሲሲፒ አድርጎ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ከዚያ ቢግ ሳቬጅ የሚባለው አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ አለ፤ ክረምት ሲመጣ በሩ ይዘጋል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ቀጥ ያለ አቀበት የለውም፤ በጣም ቀና የሚለው ክፍል እንኳ ሁለት በመቶ አይሞላም። ጉልበተኞቹ ወጣቶች "ይሰለቻል" ይሉታል። እውነት ነው፣ ለእነሱ ይሰለቻል። የስድሳ አምስት ዓመት አዛውንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጎን ለጎን የሚጋልቡት ግን እዚያ ነው፤ ካንሳስ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍል ታሪኩ ይረዝማል። ቦዩ ተቆፍሮ የተጀመረው ሐምሌ 4 ቀን 1828 ነው። በዚያው ዕለት ተፎካካሪው የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር መስመርም ተጀመረ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ሲገባ ቦዩ የደረሰው ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ1850 ነው። ሩጫው እዚያው ላይ ተበልቷል። ሆኖም በቅሎዎች የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ እየጎተቱ እስከ 1924 ድረስ ሲመላለሱ ቆይተው፣ የዚያ ዓመት ጎርፍ ሥራውን ጨርሶ አስቆመው። ዛሬ ብስክሌት የሚሄደው በቅሎዎቹ በረገጡት ዳርቻ ላይ ነው። ውሃውን ከፍና ዝቅ ያደርጉ የነበሩት 74 የውሃ በሮች እስካሁን በየመንገዱ ይታያሉ። ፖ ፖ በተባለው ቦታ ያለው 950 ሜትር የጡብ ዋሻ መብራት ለሌለው ሰው ያስፈራል። ከዝናብ በኋላ ጭቃው ይከፋል፣ የዛፍ ሥሩም ያነጥራል፤ እዚህ ላይ ነው ወፍራሙ ጎማ ዋጋውን የሚያወጣው።

በዋሽንግተንና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖረው ሐበሻ የቁጥሩ ብዛት የታወቀ ነው። ከጆርጅታውን ወደ ሮዝሊን ለመሻገር በኪ ድልድይ ላይ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ከሥሩ የሚሄደው የአፈር መንገድ እስከ ፒትስበርግ እንደሚያደርስ ላያስተውል ይችላል።

ይህ መንገድ ግን ለጥቂት ነው የተረፈው። ፌዴራል መንግሥቱ ቦዩን በ1938 ከገዛው በኋላ፣ ላዩ ላይ የመኪና መንገድ ይሠራበት የሚል ዕቅድ ወጣ። በ1954 መጀመሪያ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ዕቅዱን ደግፎ ርዕሰ አንቀጽ ፃፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊሊያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ላኩ፤ አዘጋጁ አብሯቸው ቦዩን በእግሩ እንዲሄድና ከዚያ በኋላ እንዲፈርድ ጋበዙት። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ 58 ሰዎች ከከምበርላንድ ተነሱ። በስምንት ቀን ውስጥ ሙሉውን የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ጋዜጣውም አቋሙን አለዘበ። ይሁንና ጉዞው ብቻውን ምንም አላፀናም፤ ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኖ በሕግ የታጠረው በ1971 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ሰዉ የሚያስታውሰው የዳኛውን የእግር ጉዞ ነው፤ መንገዱን የያዘው ግን የ1971ዱ ሕግ ነው።

ሀዲድ በአደራ

ስለ ባቡሩ ክፍል ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጠላለፋል። የአሜሪካ የባቡር መረብ በ1916 ገደማ ከ400 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናና አውሮፕላን ሲመጣ ኩባንያዎቹ ያላዋጣቸውን መስመር እየተዉ ሄዱ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ አለ። ኩባንያው በብዙ ቦታ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም፤ የነበረው ባቡር የማሳለፍ መብት ብቻ ነው። ባቡር ማሳለፉን ሲተው መብቱ ይቋረጥና መሬቱ በግራና በቀኝ ወዳሉት ባለይዞታዎች ይመለሳል። አንዱ ያጥረዋል፣ አንዱ ያርሰዋል፣ አንዱ ጋራዥ ይሠራበታል። 200 ኪሎ ሜትር የነበረ መስመር በአንድ ጀምበር መቶ ቁራጭ ይሆናል። አንዴ ከተቆራረጠ በኋላ መልሶ ለመቀጠል ከመቶ ሰው ጋር መደራደር ነው።

ይህን ያስቀረው በ1983 በሬገን ዘመን የወጣ የሕግ ማሻሻያ ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው። መስመሩ "ተተወ" አይባልም፤ ለወደፊት ባቡር ሊያስፈልግ ይችላልና በአደራ ይቀመጥ፣ እስከዚያው እግረኛና ብስክሌተኛ ይጠቀምበት ይባላል። ስለዚህ የመሬቱ መብት አይቋረጥም። በወረቀት ላይ ብስክሌተኛው ባቡር እስኪመጣ ጠባቂ ነው።

ባለይዞታዎቹ ዝም አላሉም፤ ደግሞም ቅሬታቸው ከመሬት የተነሳ ብቻ አይደለም። አያቱ መሬቱን ለባቡር ብሎ የሰጠ ገበሬ፣ ባቡሩ ሲቀር ይመለስልኛል ብሎ ሲጠብቅ በጓሮው የማያውቃቸው ሰዎች በቁምጣ ሲያልፉ ቢያይ ሊናደድ ይችላል። ከቬርሞንት የተነሳ ክርክር በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሕጉን አፀኑት፤ ባለመሬቱ ግን ንብረቴ ተወስዷል ካለ ከመንግሥት ካሳ መጠየቅ ይችላል አሉ። በ2014 ደግሞ ከዋዮሚንግ በመጣ ሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለባለመሬቱ ፈረደ። ያኛው መስመር በአደራ ያልተቀመጠ፣ ጭራሽ የተተወ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ይኼው ነው፤ ወረቀቱ በጊዜ የተያዘለት መስመር ቀረ፣ ያልተያዘለት ለባለመሬቱ ተመለሰ።

የሚዙሪው ኬቲ ትሬል የዚህ ሕግ ትልቁ ልጅ ነው። 386 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ሲሆን ብዙውን ርቀት ሚዙሪ ወንዝን ተጠግቶ፣ በአንድ በኩል ውሃ በአንድ በኩል ገደል አድርጎ ይሄዳል። የባቡር ኩባንያው በ1986 ሲተወው ግዛቲቱ ተረከበችው፣ ባለመሬቶቹ ከሰሱ፣ ተረቱ። የመጀመሪያው ክፍል በ1990 ተከፈተ፤ በ1993 ደግሞ ታላቁ ጎርፍ መጥቶ ብዙውን ጠራረገው፤ እንደገና ተሠራ። ወንዝ ዳር የተሠራ መንገድ ዕዳው ይኼ ነው። ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን በየዓመቱ የተፈጨ ድንጋይ የሚያለብሰው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ አይናገርም።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ በብስክሌት ለኦሎምፒክ የተሰለፈችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ታዲያ እሱን ተከትሎ የሚመጣው ልጅ ዛሬም የሚለማመደው ከከባድ መኪናና ከሚኒባስ ጋር ተጋፍቶ ነው። የአፍሪካን የመጀመሪያውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ኪጋሊ በ2025 ስታስተናግድ የታየው ድምቀት እዚህም ብዙዎችን አስቀንቷል። ነገር ግን ውድድር የሚዘጋበት ጎዳና በማግስቱ ለመኪና ይከፈታል።

ኮረኮንቹማ ሞልቷል፣ የሚል ይኖራል። ሞልቷል። የገጠሩ ፒስታ ግን ባዶ አይደለም፤ ገበያተኛው፣ አህያው፣ ተማሪው ይሄድበታል፣ ባለቤቶቹም እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ዛሬ ፒስታ የሆነው ነገ አስፋልት እንዲሆን የሚመኘው ገበሬው ራሱ ነው፤ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚያደርስበት ሌላ መንገድ የለውምና። ለብስክሌተኛ ሲባል አስፋልቱ ይቅር ማለት የማይታሰብ ነው። በአዲስ አበባ ከ2018 ጀምሮ "መንገድ ለሰው" በሚል ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነፃ ሲደረጉ ልጆች በብስክሌት ሲጎርፉ ታይቷል፤ በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ጫካ ውስጥ መጋለብ ለሚፈልግ በር ከፍቷል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን አንዱ የሰዓታት ነው፣ ሌላው በአጥር ውስጥ ነው።

ረጅም፣ ዳገቱ የለዘበ፣ ከመንደር መንደር የሚያገናኝ መስመር ከተፈለገ በአሜሪካኖቹ መንገድ የሚታሰብ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የድሮው የለገሃር ባቡር። በ1917 አዲስ አበባ የገባው ይህ መስመር፣ አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፎ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ወደ አዋሽ ቆላ ቀስ እያለ ይወርዳል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ከተመረቀ ወዲህ በዚህ በኩል የድሮው ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ሀገሩ አሜሪካ አይደለም፤ እዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ከመቶ ባለርስት ጋር ፍርድ ቤት መቆም አያስፈልግ ይሆናል። ያም ሆኖ በመስመሩ ዳር ኑሮውን የመሠረተ ሰው ካለ እንደ ቬርሞንቱ ገበሬ የሚሰማና የሚካስ ነው። ጉዳዩ የብስክሌት ፌዴሬሽን ብቻ ሳይሆን፣ መስመሩ የሚያልፍባቸው ከተሞች ማስተር ፕላን ላይ እንደ አንድ መስመር ይቆይ ወይስ በቁራጭ ይከፋፈል ብለው የሚወስኑት ሰዎች ነው።

የአሌጌኒው መንገድ በአንድ ጊዜ አልተሠራም። ኦሃዮፓይል በምትባል ትንሽ ከተማ በኩል በ1986 የተከፈተው የመጀመሪያው ክፍል 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ሙሉው ያለቀው በ2013 ነው። ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ ያለው የድሮ ሀዲድ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ክፍል ያጥራል።